የጅማን የአርበኞች ትዕይንት የዘመኑን ፎቶ አስመስሎ ማንሳት

ባለፈው ሚያዝያ እዚህ ጅማ ወጣቶች የአርበኞችን ትዕይንት ሲያሳዩ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ከ400 በላይ ፎቶ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ አየኋቸው። ልቤ ያረፈው አንዱ ላይ ነው። አንድ ልጅ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጋሻውን አንግቦ፣ ጦሩን ተደግፎ ቆሟል። ሩቅ ያያል። ፎቶውን ሳጎላው ግራ እጁ ላይ ጥቁር የላስቲክ ሰዓት አለ።

ሰዓቱን በኤዲት አጠፋሁት። ፎቶው ግን አሁንም የዛሬ ነው። ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። አሁንም የዛሬ ነው። የድሮ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ደርድሬ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ችግሩ ቀለሙ አልነበረም። እኔ የቆምኩበት ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ የያዘ ሰው በፍጹም ሊቆምበት በማይችል ቦታ ቆሜ ነበር።

ዘንድሮ ትዕይንት ልታነሱ ላሰባችሁ፣ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ካሜራውን የያዘው ማን እንደነበር ወስኑ

ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት፣ ልብስ ከመመረጡም በፊት።

በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚህ አገር ካሜራ የያዙት ሰዎች ጥቂት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው የውጭ ጋዜጠኛ ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ብዙዎቹ አዲስ አበባ ገብተዋል። አልፍሬድ አይዘንስታት እ.ኤ.አ. በ1935 መጥቶ ካነሳቸው ፎቶዎች አንዱ የኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ብቻ የሚታይበት ነው። ፊት የለም። ጠመንጃ የለም። የተሰነጣጠቀ እግር ብቻ። ግን ጦርነቱን በሙሉ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ጣሊያኑ ራሱ ነው። ሉቼ የሚባለው የመንግሥታቸው የፊልምና የፎቶ ድርጅት ለፕሮፓጋንዳ ያነሳ ነበር። ተራ ወታደሮቻቸውም ትንንሽ ካሜራ ነበራቸው። መንገድ፣ ድልድይ፣ ሰልፍ፣ ባንዲራ ሲሰቀል ያነሳሉ። አርበኛ በእነሱ ፎቶ ውስጥ የሚታየው በአብዛኛው ተማርኮ ወይም ሞቶ ነው።

ሦስተኛው ባለ ስቱዲዮው ነው። እንደ ቦያጅያን ቤተሰብ ያሉ አርመኖች ከዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከድል በኋላ አርበኛው ጎፈሬውን ሳይቆርጥ፣ ጠመንጃውን ይዞ እንዲህ ያለ ካሜራ ፊት ቆመ።

ጫካ ውስጥ ያለው አርበኛ ግን ካሜራ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አድፍጦ ሲተኩስ ከፊት ለፊቱ የተነሳ ፎቶ ሊኖር አይችልም። ከፊቱ ያለው ጠላቱ ነውና። እኔ ባለፈው ዓመት ያነሳሁት በሙሉ እንዲህ ያለ ነበር። ከቁጥቋጦው ፊት ተንበርክኬ፣ አፈሙዙ ወደ እኔ ዞሮ።

ስለዚህ ምርጫችሁን አድርጉ። ውጊያውን የምታነሱት ከሆነ ከኋላ ወይም ከሩቅ ቁሙ። ሰዎቹ ትንሽ ሆነው ይታዩ። የእኔ ምክር ግን ዋናውን ጉልበታችሁን ከድል በኋላ ባለው ፎቶ ላይ እንድታውሉ ነው። በጅማ ትዕይንት ውስጥ በእርግጥ ሊነሳ ይችል የነበረው ፎቶ እሱ ነው።

2. የጅማን ቀን እወቁ

የአርበኞች ቀን የሚከበረው ሚያዝያ 27 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን። በዚያ ቀን ግን ጅማ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ጣሊያን ደቡብ ምዕራቡን የሚያስተዳድርባት ዋና ከተማ አድርጓት ስለነበር ጦሩን ወደዚህ ሰብስቧል። ጅማ ነፃ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እንደ ገረሱ ዱኪ ያሉ አርበኞች በዙሪያዋ ሲዋጉ ቆይተው።

ይህ ለፎቶ አንሺ ትልቅ ነገር ነው። ሰኔ በጅማ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ዝናብ ነው። ጭቃ ነው። የጅማ ድል በጭቃ ውስጥ የመጣ ድል ነው። ስለዚህ በትዕይንቱ ቀን ከዘነበ አትዘኑ። እግር ላይ የደረቀ ቀይ ጭቃ፣ የረጠበ ቡልኮ፣ ከበስተኋላ የወረደ ጉም፣ እነዚህን በገንዘብ አትገዟቸውም። ካሜራውን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ቀጥሉ።

ፀሐይ ከወጣም የማለዳውንና የማታውን ወርቃማ ብርሃን አታሳዱ። የያኔው ፊልም ለብርሃን በጣም ሰነፍ ነበር። ስለዚህ ብዙ ፎቶ የተነሳው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የባርኔጣ ጥላ ግንባር ላይ ወድቆ፣ ዓይን ጨፈን ብሎ የሚነሳ ፊት ከማታው ለስላሳ ብርሃን ይልቅ ዘመኑን ይመስላል።

3. ልብስና ዕቃ፦ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ

ከትዕይንቱ በፊት ባለው ቀን ሁሉም ሰው ልብሱን ለብሶ ይቁም። ከራስ እስከ እግር እዩት። ፎቶ አንሺው የማየት መብት እንዳለው ከአስተባባሪዎቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእኛዎቹ መጀመሪያ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። ምክንያቱን ስነግራቸው ራሳቸው እርስ በርስ መፈተሽ ጀመሩ።

ትልቁ ጠላት ፖሊስተር ነው። ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ጥቁርና ነጭ ስታደርጉት ደግሞ ይብሳል። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ያንን ልብስ ከኋላ ረድፍ ለሚቆም ሰው ስጡት። ቢቻል አስወልቁት።

ሁለተኛው ጠላት ንጣት ነው። ከሱቅ የወጣ አቡጀዲ ፎቶ ላይ ይጮኻል። ጅማ ላይ መፍትሔው ከደጃችን ነው፤ ቡና። ሦስት አራት ቤት ለምኑና የቡና አተላ ሰብስቡ። በትልቅ ድስት ውኃ አፍሉት። በወንፊት አጥሉት፤ አለበለዚያ ቅንጣቱ ነጠብጣብ ይሠራል። ልብሱን በውኃ አርጥቡና ለብ ባለው የቡና ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሳትጨምቁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ስትጨምቁት እጥፋቱ ላይ መስመር ይቀራል። ሲደርቅ የድሮ ጥርስ የመሰለ ቀለም ይይዛል። ከዚያ አንገቱን፣ የእጅጌውን ጫፍና ጉልበቱን በደረቅ አፈር እሹት። ሰው የሚያድፈው እዚያ ነው።

ከዚያ ትንንሾቹ ነገሮች። ሰዓት፣ የላስቲክ የእጅ ማሰሪያ፣ የጣት ቀለበት፣ ኪስ ውስጥ ያበጠ ሞባይል፣ ከቁምጣ ስር ብቅ የሚል የስፖርት ሱሪ፣ ከአንገት ስር የሚታይ ቲሸርት። ፀጉር በማሽን የተቆረጠ ከሆነ በሻሽ ወይም በጥምጣም ይሸፈን። እግር ባዶ ይሁን። ቦታው እሾህ ወይም ስባሪ ጠርሙስ ካለው ግን አስቀድማችሁ አስጠርጉ። ለፎቶ ተብሎ የሰው እግር አይቆረጥም።

መሣሪያ። ክላሽ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ብታገኙም አታስይዙ። ያኔ የነበረው ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ለበን ነው። ለትዕይንት ከእንጨት የተጠረበ ይበቃል። እንጨቱ በጣም የተወለወለ ከሆነ በጥላሸት አደብዝዙት። አፈሙዙ ከእንጨት ከሆነ ከካሜራው ከአምስት እርምጃ በላይ ይራቅ። እውነተኛ ጠመንጃ ሊመጣ ከሆነ ፖሊስ ይወቀው፣ ይፈቀድ፣ ጥይት እንደሌለው ታዛቢ ሰው ይይ። ይህን ካላረጋገጣችሁ ፎቶው ይቅር።

ሰንደቅ ዓላማም ይታሰብበት። መሐሉ ላይ ያለው የኮከብ አርማ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ በ1933 ትዕይንት ውስጥ አይገባም።

አንድ የታሪክ ስህተትም እንዳትሠሩ። ጅማ ስለሆነ ብቻ አንድ ሰው ዳግማዊ አባ ጅፋርን ሆኖ በአርበኞቹ መሐል ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ይነሳል። እሳቸው ያረፉት ከወረራው በፊት ነው።

አለባበሱን ለሽማግሌ አሳዩ። ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን አባት ልጆቹን ሲያዩ ቆይተው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ የጣለውን ልጅ ጠሩት። «ና እስቲ ልጄ። እንዲህ ተደርቦ ለቅሶ ይኬዳል እንጂ ዘመቻ አይኬድም» አሉት። ጋቢውን አውልቀው ወገቡ ላይ አስታጠቁት። ልጁ ወዲያው አቋቋሙ ተለወጠ። ትከሻው ቀና አለ። እኔ ያንን ለውጥ በምንም ሌንስ አላመጣውም ነበር። ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ሲያስረዱ የሚያስተረጉም ሰው አብሯችሁ ይሁን። የጅማ ዙሪያ ገበሬ የሚለብሰውና የሸዋ አርበኛ የሚለብሰው አንድ አይደለም። የኛ ትዕይንት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

4. ቦታ

ጅማ በዚህ ታድላለች። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ሕንፃዎች አሁንም አሉ። ወፍራም ግድግዳ፣ በረንዳ፣ ሰፊ ደረጃ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ደግሞ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነቱ አለ። እዚያ ለመቅረጽ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅርስ ነውና ጦርና ጎራዴ ግድግዳው ላይ አይደገፍ።

በአንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱና በዚያው ሰዓት ቁሙ። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ዲሽ፣ የሮቶ ታንከር፣ የሱቅ ባነር፣ የቆመ ባጃጅ፣ ቢጫ ጄሪካን። አንድ እርምጃ ግራ፣ አንድ እርምጃ ቀኝ እያላችሁ የማይታዩበትን ቦታ ፈልጉና መሬቱ ላይ ድንጋይ አኑሩ። ትዕይንቱ ሲጀመር ድንጋዩ ላይ ትቆማላችሁ። ሽቦን በኋላ በኤዲት አጠፋለሁ ማለት ቀላል ይመስላል፤ ቅጠል መሐል ሲያልፍ ግን ሌሊት ያሳድራችኋል።

ባሕር ዛፍ ፍሬሙ ውስጥ ቢገባ አትስጉ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አገሩ ውስጥ ነው። መቀመጫ ካስፈለገ የፕላስቲክ ወንበር አይታሰብም። ከአንድ ግንድ የሚጠረበው የጅማ በርጩማ እያለ!

5. ካሜራችሁን አስረጁት

የያኔው ጋዜጠኛ የሚይዘው ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበ ትንሽ ካሜራ ነው። ብዙ ጊዜ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው የሚሰካበት። እ.ኤ.አ. በ1929 የመጣው ሮሊፍሌክስ ደግሞ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፎቶ ያወጣል፤ አንሺው ደረቱ ላይ ይዞ ከላይ ወደ ታች እያየ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ በሮሊፍሌክስ ዓይን ማንሳት ከፈለጋችሁ ካሜራውን ደረት ላይ አውርዱ። ሰዎቹ ከትንሽ ዝቅታ ስለሚታዩ ግርማ ያገኛሉ።

50 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ያዙ። ካሜራችሁ ሴንሰሩ አነስ ያለ ከሆነ 35። በጣም ሰፊውን ሌንስና ረጅሙን ዙም ቤት ተዉት። ድሮንም እንዲሁ።

አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8 አካባቢ ይሁን። ከኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ክሬም የሚያደበዝዘው የዛሬ ስታይል ዘመኑን ወዲያው ያሳብቃል። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ 1/60 ሰከንድ አውርዱ። የሚሮጥ ሰው እግሩ ትንሽ ይደብዝዝ፤ ፊቱ ይያዝ። ችግሩ የዛሬ ካሜራ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ጠራራ ፀሐይ ላይ ኤፍ 8 ስታደርጉት ሹተሩ 1/400 ይደርሳል። ለዚህ ኤንዲ 8 የሚባለውን ጥቁር ፊልተር ሌንሱ ላይ ግጠሙ፤ ወደ 1/50 ያወርድላችኋል። ፊልተር ከሌለ ኤፍ 16 እና 1/100 አድርጉ። ደመና ከሆነ ያለ ፊልተርም ይሠራል።

በስልክ ለምታነሱ፦ ዋናው ካሜራ በጣም ሰፊ ስለሆነ 2 እጥፍ የሚለውን ንኩ፤ ወደ 50 ይጠጋል። ኤችዲአር አጥፉ። ሰማዩንም ጥላውንም እኩል አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነው፤ ፊልም ያንን አይችልም ነበር። ፖርትሬት ሞድም ይዘጋ።

ሮው (ካሜራው ያላረመው ጥሬ ፋይል) አድርጋችሁ በቀለም አንሱ። ስክሪኑ ግን ጥቁርና ነጭ እንዲያሳያችሁ አድርጉት፤ ዓይናችሁ ከወዲሁ ብርሃንና ጥላ ብቻ ማየት ይለምዳል።

6. 36 ፎቶ

የላይካ አንድ ጥቅል 36 ያነሳል። ሮሊፍሌክስ 12። ለራሳችሁ ይህን ገደብ ስጡ። በጣት አንድ ጊዜ ብቻ ጫኑ፣ ተከታታይ ተኩሱን አጥፉ። ዘንድሮ ልምምዱ ላይ ሞከርኩት። ፉከራው ሲጀመር እጄ ሊጫን ይላል፣ እኔ እይዘዋለሁ። ፎካሪው ሁለት እርምጃ ፊት፣ አንድ እርምጃ ኋላ ይላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ጎራዴውን ከማንሳቱ በፊት ትንፋሹን ሲስብ አየሁት። አራተኛው ዙር ላይ ያንን ትንፋሽ ጠብቄ አንድ ጊዜ ጫንኩ። ባለፈው ዓመት ከ400 ውስጥ ያላገኘሁትን በአንድ አገኘሁት።

7. አቋቋም

ለድል ፎቶው ሰዎቹን በዘመኑ ደንብ አቁሙ። በዕድሜ የገፋው መሐል ይቀመጥ። ጎራዴው ጉልበቱ ላይ ይረፍ። ጠመንጃ የያዙት ከኋላ ይቁሙ፣ መሣሪያው ቀጥ ብሎ መሬት ላይ ተተክሎ። ልጆች ከፊት መሬት ላይ። ሁሉም ካሜራውን ፊት ለፊት ይይ። ፈገግታ ይቀነስ፤ ግን የተቆጡ አይምሰሉ። «ፎቶ ስትነሱ በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትነሱ አስቡ» በሏቸው። ይህን ስላቸው ፊታቸው ጸጥ ይላል። ካሜራውን በትሪፖድ አቁሙና ቀጥ ያለ ይሁን። ሰው ሁሉ ሙሉ እግሩ ይታይ።

8. ኤዲት

በየስልኩ ያለውን ጭረትና አቧራ የሚጨምር ፊልተር አትንኩ። ቡናማውንም ተዉት። ቡናማ ቀለም ያኔ ሆን ተብሎ በኬሚካል የሚሰጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለስቱዲዮ ፎቶ። የጋዜጣ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው።

ስለ ፊታችን አንድ ነገር ልበል። ያኔ ሁለት ዓይነት ፊልም ነበር። አሮጌው ዓይነት ቀይ ብርሃን አያይም። ቀይ ነገር ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ሰማይ ነጭ ይሆናል። የእኛ ቆዳ ቀይ ብርሃን ስለሚበዛበት በዚያ ፊልም ፊታችን ከሆነው በላይ ይጠቁራል። በብዙ አሮጌ ፎቶ የአባቶቻችን ዓይንና የፊት መስመር የጠፋው በከፊል በዚህ ነው። ሌላው፣ ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፊልም፣ በ1928 ዓ.ም. ገበያ ላይ ነበር። እሱን ምረጡ። ስታነሱ ብርሃኑን ለፊት ለኩ፤ ሰማዩ ነጭ ይሁን ግድ የለም። ጥቁርና ነጭ ስታደርጉት በቀለሞቹ ማስተካከያ ብርቱካናማውን ከፍ አድርጉ፤ ፊት ይበራል። ሰማያዊውን ከፍ፣ ቀዩን ትንሽ ዝቅ። አርበኞቻችን በግልጽ መታየት ይገባቸዋል።

ከዚያ ድፍን ጥቁሩን ወደ ጥቁር ግራጫ አንሱት፣ ደማቁን ነጭ ትንሽ ዝቅ። የያኔ ሌንስ እንደ ዛሬው ሽፋን ስላልተቀባ ንፅፅሩ ለስለስ ይላል። ሻርፕነሱን ቀንሱ። ጥዝጥዝ (ግሬይን፣ አሸዋ የመሰለው የፊልም ነጠብጣብ) ለላይካ ዓይነት ፎቶ ትንሽ ይጨመር፣ ለድል ፎቶው በጣም ጥቂት፤ ትልቅ ፊልም ጥዝጥዙ አይታይም።

9. ስም ስጡት

ፎቶው ከተሳካ አደገኛ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ በወጣ በሳምንቱ «የጅማ አርበኞች በ1933» ተብሎ ሊዞር ይችላል። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ለጥናቱ ይጠቀምበታል። የእውነተኞቹ አርበኞች ፎቶ ጥቂት ነው፤ የእኛ ፎቶ ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ እንዲያደናግር አልፈልግም። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ባለው የመረጃ ቦታ «ትዕይንት» ብላችሁ ዓመቱን ጻፉ። ለኢንተርኔት የሚወጣው ላይ ደግሞ ታችኛው ነጭ ጠርዝ ላይ በትንሽ ፊደል፣ ሊቆረጥ በማይመች ቦታ።

አንድ ሁለቱን አሳትሙ። በማይንፀባረቅ ወረቀት፣ በአራቱም በኩል ነጭ ጠርዝ ትታችሁ፣ የእጅ መዳፍ በሚያክል መጠን። ልብሱን ላስተካከሉላችሁ ሽማግሌ ውሰዱላቸው። ከመስጠታችሁ በፊት ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። ወረቀቱ እርሳስ ካልያዘ ቀጭን ማርከር ይሆናል፤ ተጭናችሁ ግን አትጻፉ፣ ከፊት በኩል ይወጣል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ትዕይንት መሆኑን፣ የቆሙትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ።